አንደበትና ካዝና

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው አፍ እያለው ለሚያፍር ነው። መናገር እየፈለገ አንደበቱ ያልታዘዘለትስ? ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደው፣ የሚንተባተበው፣ ኦቲዝም ያለበት፣ ከስትሮክ ተርፎ ቃል የጠፋበት ሰው ደጃዝማችነቱ ይቅርና «ውሃ ጠማኝ» ማለት ሲያቅተው ምን ይደረግ? መላ አለ ከተባለስ ዋጋውን ማን ይክፈል?

ለዚህ ጥያቄ የቆየው መልስ የሙሴ ነው። ኦሪት እንደሚተርከው ሙሴ አፉ ኮልታፋ መሆኑን ቢናገር ወንድሙ አሮን ተናጋሪ ሆኖ ተሰጠው። በየቤታችንም አሮን አለ። እናት ወይም እኅት ለማይናገረው ትናገርለታለች። ደግነቱን ማን ይክዳል? ይሁን እንጂ አሮን የሞተበት ቤት ምን ይሆናል?

በሌላው ዓለም የንግግር ሕክምናን ከቤት ወደ አደባባይ ካወጡት ነገሮች አንዱ ጦርነት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደሮች ንግግራቸው ታውኮ ተመለሱ፤ አገር ደግሞ ለቆሰለላት ዜጋ ዕዳ ነበረባት። በእንግሊዝ ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1945 በአንድ ማኅበር ተሰባሰቡ፤ በ1948 የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሲቋቋም ሙያቸው በግብር ገንዘብ ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ ሆነ። አሜሪካም በ1975 ባወጣችው ሕግ፣ የንግግር ሕክምና የሚያስፈልገው አካል ጉዳተኛ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ እንዲያገኝ ደነገገች።

በእኛ አገር በ1963 ዓ.ም. አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም የመንግሥት ድርጅት በትእዛዝ ቆመ። በትእዛዙ የገረመኝ ትርጓሜው ነው። አካል ጉዳተኛ የሚባለው በጤንነቱ ጉድለት ሠርቶ ማደር ያልቻለና ደጋፊም የሌለው ሰው ነበር። እንግዲህ የማይናገር ልጅ እናት ካለችው ከመዝገቡ ወጣ ማለት ነው። ሕጉ ራሱ «አሮን ካለ መንግሥት ምን ያደርጋል?» ያለ ይመስላል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 የተሻለ ሄደ። መንግሥት አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል፤ ግን የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ይላል። በ2002 ዓ.ም. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አገልግሎቱ በተቻለ መጠን ለሰዎቹ መኖሪያ እንዲቀርብ፣ ገጠሩም እንዳይረሳ በግልጽ ይጠይቃል።

ካዝናው እስኪከፈት ግን የወላጅ ኪስ ቀደመ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። በፊደላችን ድምፆች ላይ የቆመ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ ማስተማሪያ ዘዴም ቀምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ደክመውበታል።

ወደ ፊደላችን መሄዳቸው ትክክል ነበር። ይህ ሙያ እንደ ኪኒን ታሽጎ ከውጭ አይመጣምና። የእኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ በእንግሊዝኛ የሉም፤ ለእንግሊዝ ልጅ የተዘጋጀ መፈተኛ አይለካቸውም። መጥበቅና መላላትም ትርጉም ይለውጣል። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። ስለዚህ ባለሙያው እዚሁ መሠልጠን አለበት። በ2000ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ሥልጠና መጀመሩ ትልቅ እርምጃ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን አዲስ አበባ አዲስ አበባ ናት። ስምምነቱ የጠቀሰውን ገጠር በአንድ ቦታ እንየው። በመንዝ ደጋ ያለው ጓሳ ከዋና ከተማዋ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የተሰነጠቀ ላንቃ በቀዶ ሕክምና ሊገጠም ይችላል፤ ልጁ ድምፁን በትክክል እንዲያወጣ ግን ብዙ ጊዜ ወራት የሚወስድ ልምምድ ይጠይቃል። የመንዝ ገበሬ ለቀዶ ሕክምናው አንድ ጊዜ ቢመጣ፣ ለልምምዱ በየሳምንቱ እንዴት ይመላለስ?

የሚደንቀው፣ መልሱን ያው ጓሳ ያውቀዋል። የአስቦና የጌራ ወገኖች የጓሳን የሣር ምድር ለ400 ዓመታት ያህል በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለሁሉ እንዲበቃ አለቃ ይመረጥ ነበር፤ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ይወሰን ነበር፤ ደንብ የጣሰም ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩ በሕግ የሕዝብ ሆነ፤ በተግባር ግን ጠባቂ አጣ፤ ግጦሹና አጨዳውም ልክ አጣ።

የአንደበት ጉዳይም እንደዚሁ ነው። «የሁሉም መብት» ተብሎ ተጽፎ ባለአደራ ካልተመደበለት የማንም ሳይሆን ይቀራል። በእኔ እምነት ቄሮው ከአቅም ማነስ ጋር የተዋጋው በወረቀት ሳይሆን በተራና በልክ ነበር። ለየዞኑ ሆስፒታል አንድ የንግግር ባለሙያ ደመወዝ በበጀት ይያዝ፤ ባለሙያውም በየቀበሌው ላሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለመምህራን ልምምዱን ያስተምር። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ መጠኑ በቁጥር እስካልተጻፈ ድረስ፣ ላልቶ እንደሚነበበው «ገና» ሆኖ ይቀራል።