የአፈሙዙ ስፋትና የተኳሹ ሐሳብ

በኦገስት 1803 መገባደጃ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዲት ረጅም ጀልባ ከፒትስበርግ ተነሥታ የኦሃዮን ወንዝ ተከትላ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ሦስት ማይል ያህል እንደሄደች ብሩኖ በተባለች ደሴት ዳርቻ ቆመች። የጀልባዋ አዛዥ ሻምበል ሜሪዌዘር ሉዊስ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን የምዕራቡን ምድር አቋርጦ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ እንዲዘልቅ የላከው ሰው። በደሴቷ ላይ ያገኙት ሰዎች ይዞት የመጣውን እንግዳ ጠመንጃ እንዲሞክርላቸው ጠየቁት። ሉዊስም ሃምሳ ሜትር ያህል በራቀ ዒላማ ላይ ሰባት ጊዜ ተኮሰ፤ አተኳኮሱም መልካም ነበር። ጭስ አልታየም፤ የባሩድ ሽታም አልነበረም። ጠመንጃው የሚተኩሰው በታመቀ አየር ነበርና።

ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን አያያዙን ለማያውቅ ሰው ሰጠው። በሰውየው እጅ እንዳለ ሳይታሰብ ባረቀ። ጥይቱ አርባ ያርድ ያህል ርቃ የቆመችን አንዲት ሴት ባርኔጣ በስቶ ጆሮ ግንዷን ሸርክቶ አለፈ። ሴትዮዋ ወደቀች፤ ደሟም ፈሰሰ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሞተች ብሎ ደነገጠ። ደቂቃ ሳይሞላ ግን ነፍስ ዘራች፤ ቁስሉም ለሞት የሚያሰጋ ሆኖ አልተገኘም።

የሉዊስ የጉዞ ማስታወሻ የሚጀምረው በዚህ ነው። በአሜሪካ ታሪክ ታላቅ የሚባለው ጉዞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተራራም ወንዝም ሳይሆን፣ የአየር ጠመንጃ ጥይት የሸረከታት አንዲት ሴት ትገኛለች።

ጠመንጃ ሲባል በእኛ ጆሮ ቀድሞ የሚሰማው ተኩሱ ነው፤ በሠርግ የሚተኮስ፣ በለቅሶ የሚተኮስ፣ ገደል ለገደል የሚያስተጋባ። ስለዚህ «በአየር የሚተኩስ ጠመንጃ» ሲባል ልባችን ወደ ልጆች መጫወቻ ያዘነብላል። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል። የአየር ጠመንጃ ምን እንደሆነ የሚናገረው ድምፁ አይደለም፤ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው። ባለሙያዎች ካሊበር የሚሉት ይኸው ነው። ይህን ስፋት የሚመርጥ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ለአንድ ጥያቄ መልስ እየሰጠ ነው፦ «ለምን ልትተኩስ ነው?»

ሉዊስ የያዘው ጠመንጃ ማን የሠራው እንደሆነ ብዙ አከራክሯል። ቀድሞ የፊላዴልፊያው ባለሙያ የአይዛያ ሉከንስ ሥራ ነው የሚሉ ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ግን የቲሮሉ ተወላጅ ባርቶሎሜዎ ጂራርዶኒ የፈለሰፈው ዓይነት መሆኑን ነው። ለዚህም አንዱ ምስክራቸው ቶማስ ሮድኒ የተባለ መንገደኛ በሴፕቴምበር 1803 ዊሊንግ ላይ ጠመንጃውን አይቶ የጻፈው ማስታወሻ ነው። ሮድኒ ሃያ ሁለት ጥይት ስለሚጎርስና በተከታታይ ስለሚተኩስ ጠመንጃ ይናገራል። ይህም ከጂራርዶኒ ሥራ ጋር ይገጥማል።

የኦስትሪያ ሠራዊት የጂራርዶኒን ጠመንጃ የተቀበለው በ1780 ገደማ ነው። ሰደፉ እንጨት አልነበረም፤ አየር የሚታመቅበት የብረት ጋን ነበር። በአፈሙዙ ጎን ሃያ ያህል የእርሳስ ድቡልቡል ጥይቶች የሚደረደሩበት ቱቦ ተጋድሟል። ተኳሹ ጠመንጃውን ቀና አድርጎ መግፊያውን ሲገፋ አንዷ ጥይት ከቦታዋ ትገባለች። በዚያ ዘመን ባለ ባሩዱ ወታደር ከአንድ ተኩስ በኋላ ቆሞ ባሩድ እየሰፈረ፣ ጥይት እየጠቀጠቀ እንደገና ያጎርስ ነበር። ይኸኛው ተኳሽ ግን ከተኛበት ሳይነሣ ይተኩሳል፤ ጭስ ስለሌለውም ያለበት ቦታ በቀላሉ አይታወቅም።

የዚህ ጠመንጃ አፈሙዝ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ከግማሽ አካባቢ ነበር፤ ከዚያም የሚሰፉ ተገኝተዋል። ለምን ይህን ያህል ሰፋ? የታመቀ አየር እንደ ባሩድ ጥይትን በብርቱ ፍጥነት አይወረውርም። ፍጥነት ያነሰው ደግሞ ጉድለቱን በክብደት መሙላት ይኖርበታል። የድቡልቡል ጥይት ወርድ ሁለት እጥፍ ሲሆን አየሩ የሚገፋው ገጽ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ያድጋል። 11.7 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው የእርሳስ ጥይት ዘጠኝ ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል፤ የዛሬው ተራ 4.5 ሚሊ ሜትር የአየር ጠመንጃ ጥይት ግን ወደ ግማሽ ግራም ብቻ ነው። ጂራርዶኒ ያን ስፋት ሲመርጥ የመረጠው ሰውን የሚጥል ክብደት ነው። የሐሳቡ መለኪያ ከአፈሙዙ ላይ ተጽፏል።

ምርጫው ዋጋ ነበረው። ሰፊ አፈሙዝ ብዙ አየር ይጠጣል። ጋኑ ሠላሳ ያህል ጊዜ ካስተኮሰ በኋላ ጉልበቱ ይደክማል፤ እንደገና ለመሙላት ደግሞ በእጅ መንፊያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ጊዜ ያህል መግፋት ያስፈልግ ነበር። ጋኑ ያፈስሳል፣ ስልቱ በቀላሉ ይበላሻል፣ ወታደሩም ልዩ ትምህርት ይፈልጋል። ስለዚህ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ከሠራዊቱ ወጣ።

በሉዊስ እጅ ግን ያው ጠመንጃ ሌላ ሥራ አገኘ። ሉዊስና ጓደኛው ዊሊያም ክላርክ ከ1804 እስከ 1806 በተጓዙበት አገር ሁሉ፣ ከአንድ ነባር ሕዝብ ጋር ሲገናኙ ስጦታ ይሰጣሉ፣ ይነጋገራሉ፤ ብዙ ጊዜም የአየር ጠመንጃውን ተኩሰው ያሳያሉ። በኦገስት 17 ቀን 1805 የሾሾኒ ሰዎች ሲተኮስ አይተው ታላቅ መድኃኒት ነው ማለታቸውን ሉዊስ ጽፏል። ይህን ቃል ለመረዳት እኛ ብዙ አንቸገርም፤ በእኛም ቋንቋ መድኃኒት በሽታ የሚፈውሰው ብቻ አይደለምና። ባሩድ ሳይጎርስ ደጋግሞ የሚተኩስ ጠመንጃ ያየ ሰው ከእነዚያ ሠላሳ ከሚበልጡ መንገደኞች መካከል ስንቱ እንዲህ ያለውን እንደያዘ ሊያውቅ አይችልም። የነበረው ግን አንድ ብቻ ነበር። ሰው ለመግደል የተመረጠው ስፋት መገዳደልን ማስቀሪያ ሆኖ አገለገለ።

በጉዞው ማብቂያ ላይ የደረሰው ነገር ደግሞ ስለ ጥይት ስፋት ለማሰብ የተጻፈ ምሳሌ ይመስላል። በኦገስት 11 ቀን 1806 ሉዊስ ፒየር ክሩዛት ከተባለ ጓዱ ጋር ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሲያድን ጥይት ከኋላው ጭኑን በሳው። ክሩዛትን ቢጣራ መልስ አጣ። የነባሩ ሕዝብ ተዋጊዎች የመቱት መስሎት እያነከሰ ወደ ጀልባው ተመለሰ፤ ሽጉጡን፣ ጠመንጃውንና የአየር ጠመንጃውን አጠገቡ አስቀምጦ ነፍሱን በውድ ለመሸጥ ቆርጦ ጠበቀ። ጠላት ግን አልመጣም። ሱሪው ውስጥ የቀረችውን ጥይት ሲያያት ክሩዛት ይዞት የነበረው ዓይነት አጭር ጠመንጃ ጥይት መሆኗን ዐወቀ። አንድ ዓይኑ የታወረውና ሌላውም በቅጡ የማያየው ክሩዛት አለቃውን አጋዘን አስመስሎት ነበር። ክሩዛት አላየሁም፣ አልሰማሁም አለ። ጥይቷ ግን መሰከረች።

የእንግሊዝ ልብ ወለድ ይህን ምስክርነት ገልብጦ ተጠቅሞበታል። አርተር ኮናን ዶይል በ1903 ባሳተመው «ባዶው ቤት» በተባለው የሼርሎክ ሆምስ ታሪክ ውስጥ አንድ ወጣት ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል ተገድሎ ይገኛል። ተኩስ የሰማ የለም፤ የገደለችው ግን የሽጉጥ ጥይት ናት። ምሥጢሩ ሲፈታ፣ አንድ ዓይነ ስውር ጀርመናዊ ባለሙያ የሽጉጥ ጥይት የምትጎርስ የአየር ጠመንጃ ሠርቶ ኖሯል። ደራሲው የተንኮሉን ሁሉ ቁልፍ ያኖረው በአፈሙዙ ስፋት ላይ ነው፤ ጥይቷን ያየ ሰው ሽጉጥ ይፈልጋል፣ ሽጉጡ ግን የለም። በአሜሪካ ምድረ በዳ እውነትን የተናገረች ጥይት በለንደን ትዋሻለች።

ከዚሁ ጎን ለጎን ጠባቡ አፈሙዝ የራሱን ታሪክ እየጻፈ ነበር። በ1880ዎቹ በሚሺጋን ግዛት ፕሊመዝ በተባለች ከተማ የብረት የነፋስ ወፍጮ የሚሠራ ኩባንያ ነበር። ወፍጮ ለሚገዛ ገበሬ ትንሽ የአየር ጠመንጃ መመረቅ ጀመረ። ገበሬው ከወፍጮው ይልቅ ምርቃቱን ወደደው፤ በ1895ም ኩባንያው ወፍጮውን ትቶ በጠመንጃው ስም ዴይዚ ተባለ። በነፋስ የጀመረ ንግድ በነፋስ ጸና። በእንግሊዝ አገርም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የበርሚንግሃም ሠራተኞች ማታ በመጠጥ ቤት ተሰብስበው በ4.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ይወዳደሩ ነበር። ዒላማው መካከሉ የተበሳ የብረት ሰሌዳ ነው፤ ጥይቷ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በማይሰፋው ቀዳዳ ካለፈች ከኋላ ያለውን ደወል ታስጮኻለች። ይኸው መንገድ ነው ኋላ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ከኦሊምፒክ መድረክ የደረሰው። በአሥር ሜትር የጠመንጃ ውድድር ጥይቷ 4.5 ሚሊ ሜትር ስትሆን፣ የዒላማው እምብርት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ነጥብ ናት።

እንግዲህ ዛሬ የአየር ጠመንጃ ሊመርጥ የተነሣ ሰው ከፊቱ የሚያገኛቸው ሦስት የታወቁ ስፋቶች 4.5፣ 5.5 እና 6.35 ሚሊ ሜትር ናቸው። ጀማሪ ሁሉ «የትኛው ይበረታል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ግን የተሳሳተ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ልዩ ፈቃድ የማያስፈልገው የአየር ጠመንጃ ጉልበት እስከ 16 ጁል ገደማ ነው። ይህ ጉልበት ለሦስቱም እኩል ነው፤ የሚለያየው አከፋፈሉ ነው። ያው ጉልበት ግማሽ ግራም የምትመዝነውን 4.5 በሰከንድ 245 ሜትር ያህል ሲወረውራት፣ አንድ ግራም የምትመዝነውን 5.5 ግን ወደ 177 ሜትር ብቻ ያስሮጣታል፤ 6.35 ደግሞ ከዚያም ትዘገያለች። ፈጣኗ ጥይት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ርቀቱን ጥቂት የተሳሳተ ተኳሽም አትጥለውም። 5.5 በተመሳሳይ ርቀት ከእርሷ እጥፍ ያህል ወደ መሬት ትወርዳለች፤ ስለዚህ ርቀት የሚያውቅ ዓይን ትሻለች። ካገኘች ግን ጉልበቷን እዚያው ታራግፋለች፤ ጠባቧ አንዳንዴ በስታ ታልፋለች። የእንግሊዝ አዳኞች ጠባቡን ለላባ፣ ሰፊውን ለጠጉር የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። 6.35 የሚስማማው ከዚህ የበለጠ ጉልበት ላለው ጠመንጃ ነው።

ስለዚህ ዒላማ ለሚወድ ሰው 4.5 ይበቃዋል፤ ጥይቱም ርካሽ ነው። ጥንቸል ለሚያድን፣ ርቀቱንም ለሚያውቅ 5.5 ይመረጣል። ይህ ምክር በሁለት መስመር ያልቃል። የማያልቀው ከሥሩ ያለው ነገር ነው። እንስሳ ላይ የሚተኩስ ሰው የሚመርጠው ስፋት እንስሳው ሳይሠቃይ እንዲሞት የሚያስችለውን ነው፤ ይህንን ደግሞ ከአፈሙዙ ይልቅ የእጁ ርጋታ ይወስነዋል። በትክክለኛው ቦታ ያረፈች ጠባብ ጥይት ከሳተች ሰፊ ጥይት ይልቅ ምሕረት አላት።

ዘመኑ ደግሞ ዞሮ ወደ ጂራርዶኒ ተመልሷል። ዛሬ ዘጠኝ ሚሊ ሜትርና ከዚያም የሚሰፉ ትላልቅ የአየር ጠመንጃዎች ይሠራሉ፤ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶችም አጋዘን እንዲታደንባቸው ይፈቅዳሉ። በሌላው ጫፍ ጠባቡ 4.5 በየቤቱ በልጆች እጅ ይገኛል፤ «መጫወቻ ነው» እየተባለም ዓይን አጥፍቷል፣ ሕይወትም ቀጥፏል። ግማሽ ግራም እርሳስ ለዓይን ትንሽ አይደለችም።

በብሩኖ ደሴት የወደቀችውን ሴት ስም ሉዊስ አልጻፈልንም። የምናውቀው ጥይቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት እንዳለፋት ብቻ ነው። የአፈሙዝ ስፋትም የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው፤ በሕይወቷና በሞቷ መካከል የነበረው ርቀትም እንዲሁ። ስፋቱን ሰዎች መክረውና አስልተው መርጠውት ነበር። ጠመንጃው በማን እጅ እንደሚገባ ግን ያን ዕለት ማንም አልመረጠም።