መስበክ የተከለከለው መምህር

እኔ የነቀምቴ ልጅ፣ በሙያዬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የወለጋን የወንጌል ታሪክ ሳነሳ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ማዘንበሌ አይገርምም፤ ታሪኩም ያግዘኛል።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን እጅ አደገ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም ግን ቃል ያጥረው ነበር፤ ከእናቱ ቤት የተወሰደው ቋንቋውን ሳይጠግብ ነው። ጉድለቱን የሞላችለት አስቴር ጋኖ ነበረች፤ እሷም ከባርነት የተረፈች። ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላት ሰበሰበች፤ ተረቱንና ዘፈኑንም ጻፈች። በ1894 የማንበቢያ መጽሐፋቸው፣ በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ታተመ።

ወንጌልን ይዞ ወለጋ ቀድሞ የደረሰው ከኤርትራ የመጣው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ነው፤ በ1898 ቦጂ ገብቶ ማስተማር ጀመረ፤ በ1905 በእሳት አደጋ ሞተ። ኦኔሲሞስና አስቴር በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ ተቀበላቸው። ብዙም ሳይቆይ የኦርቶዶክስ ካህናት ኦኔሲሞስን ከሰሱት። በ1906 ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ እንዲጋዝ ፈረዱበት፤ አፄ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው ወደ ነቀምቴ መለሱት፤ እንዳይሰብክ ግን ከለከሉት። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅድ ድረስ የቀረው ሥራ ፊደል ማስቆጠር ነበር። እሱንም ሳይሰለች ሠራው።

አያቴን «አኮ» እንላት ነበር። ፊደል የቆጠረችው ኦኔሲሞስ ካስተማራቸው ከአንዱ ነው። መጫፈ ቁልቁሉዋን፣ ማለትም የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሷን፣ የምታነበው ጣቷን በየቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር። ማንበብ የማትችል ጎረቤት ልጇ የላከውን ደብዳቤ ይዛ ስትመጣ፣ አኮ አስቀድማ ደብዳቤውን ታነብላታለች፤ መልሱንም ትጽፍላታለች። ምዕራፉ የሚነበበው ቡናው ከቀረበ በኋላ፣ ያውም እንግዳዋ «እስቲ ከዚያ መጽሐፍሽ» ካለች ነው። ከነዚያ ጎረቤቶች አንዳንዶቹ ኋላ ራሳቸው ማንበብ ተማሩ።

ዛሬ ሰባኪ ሞልቷል፤ ድምፅ ማጉያው አለ፣ ስብከቱም በየስልኩ ይለቀቃል። መከልከሉን አልመኝም። ቢሆንም የሚሰብክ ሁሉ አንድ ጊዜ ራሱን ቢጠይቅ ደግ ነው፤ ነገ «አትስበክ» ቢባል፣ ጎረቤቱ እሱን ፈልጎ የሚመጣበት ምን ሥራ አለው?