አቀባባይ፦ ለ«ሬፒተር» የቀረበ ስም

የኤሌክትሮኒክስ ሻጮች «የዋይፋይ ማጉያ» የሚሉት ዕቃ አለ። አንዳንዱ «ሲግናል ማጠናከሪያ» ይለዋል፤ ሥራውን ለትርጉም ማሽን የተወው ደግሞ «የዋይፋይ ደጋሚ» ብሎት ያርፋል። ዕቃው አንድ ነው፤ ከራውተሩ የመጣውን ተቀብሎ መልሶ የሚለቅ፣ ሬፒተር ወይም ኤክስቴንደር የሚባለው ትንሽ ሣጥን። ሳሎን ውስጥ እንደ ልቡ የሚሠራው ኢንተርኔት ግድግዳ ተሻግሮ መኝታ ቤት አልገባ ሲል ብዙ ሰው ገበያ ወጥቶ የሚገዛው ይህንኑ ነው። ከሦስቱ ስሞች አንዱም አልተሳካም። የስሙ ጥፋት ጆሮ መኮርኮር ብቻ ቢሆን በዝምታ ባለፍነው፤ ይኼኛው ግን ዕቃውን የማይሆን ቦታ ላይ ያስሰካል።

«ማጉያ»ን እንይ። ቃሉ ከ«አጎላ» የወጣ ነው፤ «አበሰለ» ብለን «ማብሰያ» እንደምንለው ሁሉ «ለ» ወደ «የ» ተለውጦ «ማጉያ» ሆኗል። አመሠራረቱ እንከን የለውም፤ ሥራውን ግን ለሌላ ዕቃ ሰጥተነዋል። የድምፅ ማጉያ ደካማውን ድምፅ ተቀብሎ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ «የዋይፋይ ማጉያ» የተባለለት ገዢ በቀጥታ የሚያስበው «ሲግናሉ የደከመበት ክፍል ወስጄ ልሰካው» ነው። ይሰካዋል። ሣጥኑም እዚያ የሚደርሰውን የተቆራረጠ ነገር ተቀብሎ ያንኑ የተቆራረጠ ነገር መልሶ ይለቃል። አልጋው ላይ ያለው ስልክ ለሣጥኑ ቅርብ ስለሆነ የዋይፋዩ ምልክት እስከ ጫፉ ይሞላል፤ ቪዲዮው ግን እየተሽከረከረ ይቀራል። ሰውየው ዕቃውን ይረግማል፤ መረገም የነበረበት ስሙ ነው። «ማጠናከሪያ»ም ከዚሁ የተለየ ምክር አይሰጥም፤ በዚያ ላይ ወላጆችን የሚያስታውሳቸው የክረምቱን የማጠናከሪያ ትምህርት ነው። «ደጋሚ» በፍቺው ከሁለቱ ይሻላል፤ ዕቃው በርግጥም የሰማውን ይደግማልና። ቃሉ ግን ባለቤቶች አሉት፦ ዳዊት ደጋሚው፣ ክፍል ደጋሚው፣ ድግምት ደጋሚው። አራተኛ ቢጨመርበት ሳቅ እንጂ መግባባት አያተርፍም።

እኔ የምደግፈው «አቀባባይ»ን ነው። ሥሩ ቀ-በ-ለ ነው፤ ከግዕዙ «ተቀበለ» ጀምሮ ዐረብኛውና ዕብራይስጡም የሚጋሩት የሴም ቋንቋዎች ጥንታዊ ሥር። አማርኛ ከዚህ ሥር ያላወጣው ነገር የለም። ዘፈን አውራጅ ሲያወርድ የሚመልሱለት ተቀባዮች ናቸው፤ ግንበኛው ሥር ቆሞ ጭቃ የሚያቀብለው አቀባይ ነው። ሁለት ወገኖች እርስ በርስ ሲሰጣጡ ይቀባበላሉ፤ በመካከላቸው ሆኖ የሚያገናኘው ደግሞ ያቀባብላል። ይህ የመጨረሻው ቅርጽ እንግዳ አይደለም፤ ከ«ተከፋፈለ» «አከፋፋይ»ን አውጥተን ነጋዴው ሁሉ ይጠቀምበታል። የሬፒተርም ሥራ ከዚህ አያልፍም፤ ከራውተሩ ተቀብሎ ለስልኩ፣ ከስልኩ ተቀብሎ ለራውተሩ። የዱላ ቅብብልን ያየ ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። በአራት በመቶ ሜትር ሩጫ ዱላው የሚተላለፈው 30 ሜትር ርዝመት ባለው የመቀባበያ ክልል ውስጥ ነው፤ ከክልሉ ውጪ የሚጠብቅ ሯጭ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አይረባም። አቀባባይም የሚቆመው ራውተሩ ገና በደንብ በሚሰማበት ቦታ ነው፤ በሁለቱ ክፍሎች መካከል፣ ቢቻል በበሩ ክፍተት ትይዩ። «ማጉያ» የደበቀውን ምክር «አቀባባይ» ስሙ ውስጥ ይዞታል።

ግድግዳው ለምን ይህን ያህል እንደሚያስቸግር አንባቢ በግምት ስለሚያውቀው ብዙ አልቆይበትም። ዋይፋይ በብዛት የሚሠራው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ነው። የመጀመሪያው ሞገድ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው 6 ገደማ ነው፤ ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ነው፤ ድንጋይና ኮንክሪት ሲያጋጥመው ቶሎ የሚደክመውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈረው በሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት የጥንት ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው፤ አንዱን ግድግዳ መሻገር ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ብሎኬት ቀጠን ይላል፤ ኮለኑና ወለሉ ግን ፌሮ የታጨቀበት ኮንክሪት ነው፤ ብረት ደግሞ ሞገድን መልሶ ይወረውራል። እርጥበት የያዘ ግድግዳ ከደረቁ ይብሳል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጩኸት በመጨመር የሚገኝ መፍትሔ ጥቂት ነው፤ ግድግዳውን የሚዞር መንገድ ፈልጎ መቀባበል ያዋጣል።

በ«አቀባባይ» ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው ጠመንጃ ነው፤ «አቀባበለ» ሲባል ጥይት ለተኩስ ሲዘጋጅ የሚሰማው ቀጭታ ጆሮ ላይ ይመጣል። እውነት ነው፤ ያ ግን ግሡ ነው፣ «አቀባባይ» የሚለውን ስም ለጠመንጃ የሚሰጥ የለም፤ «የዋይፋይ» የሚለው ቅጽል ከፊቱ ሲቆም ደግሞ ጥርጣሬው ያበቃል። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ዜና ላይ «ደላሎችና አቀባባዮች» ሲባል የምንሰማው በሕገ ወጥ ዝውውር የተጠረጠሩ ሰዎችን ነው። ይህ ጥላሸት ቃሉን የነካው ከአጠገቡ ከሚቆሙት ጎረቤቶቹ እንጂ ከሥሩ አይደለም። ጥሩ ቃል ክፉ ሰፈር በዋለ ቁጥር ለሰፈሩ ትተንለት ከሄድን የሚተርፈን አማርኛ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ሬፒተር ብንለውስ ምን አለ?» የሚል ነው። ለባዕድ ቃል ጥላቻ የለኝም። «ዋይፋይ» እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ተብሎ የተፈጠረ የንግድ ስም ስለሆነ የሚተረጎም ፍቺ የለውም፤ እንዳለ ይኑር። «ስልክ»ም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ ሽቦ ነው፤ ዛሬ «ሽቦ አልባ ስልክ» ስንል «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን መሆኑን ማንም ልብ አይለውም፤ በአማርኛ ሙሉ ዜግነት አግኝቷልና። «ራውተር»ም ቤተኛ ሆኗል። ልዩነቱ እነዚህ ስማቸው ባይገባንም ያለ ችግር የምንጠቀምባቸው መሆናቸው ነው። ስሙ የአጠቃቀሙን ምክር የሚሸከም ዕቃ ሲመጣ ግን የራሳችንን ቃል መንፈግ ገዢውን መንፈግ ነው። «ጦማር»ን ከብራና ዘመን አንሥቶ ብሎግን በስሙ ያስጠራ ቋንቋ ለአንዲት ሣጥን ስም አያጣም።

ከሬፒተር ቀጥሎ የመጣውን ሜሽ «ጥልፍልፍ መረብ» ብለው የሚጽፉ አሉ። «ጥልፍልፍ» በአማርኛ የተወሳሰበ ችግር ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ ጥልፍልፍ የሚገዛ ማን ነው? «ወንፊት» ያለም አይጠፋ ይሆናል፤ ወንፊት ግን የታወቀው በማፍሰሱ ነው። ሁለት ሦስት ሣጥኖች በአንድ ስም እየሠሩ ስልኩን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩበት ሥርዓት «የቅብብል መረብ» ቢባል ይበቃዋል። ጠንቃቃ ባለሙያ «ሜሽ የሚለው የመረቡን ቅርጽ ነው፤ ቅብብል ሥራውን ብቻ ነው የሚናገረው» ሊል ይችላል። ልክ ነው፤ ለባለቤቱ የሚጠቅመው ግን ከቅርጹ ይልቅ ሥራው ነው።

ጠንከር ያለው ጥያቄ የገመዱ ነው። ግድግዳውን በስቶ የኔትወርክ ገመድ ያሳለፈና ከወዲያኛው ጫፍ ሣጥን የሰካ ሰው በአየር ምንም አላቀባበለም፤ ባለ አንድ ሬድዮ ሬፒተር በአንድ ጊዜ መስማትና መናገር ስለማይችል የሚያጣውን ግማሽ ያህል ፍጥነትም እሱ አያጣም። ይህኛውን ዕቃ «የመዳረሻ ነጥብ» እያሉ የሚጽፉ አሉ፤ መዳረሻ አውቶቡስ የሚያራግፍበት ነው። «ባለገመድ አቀባባይ» እና «ገመድ አልባ አቀባባይ» ብንል ግን ገዢው ሱቅ ገብቶ «ባለገመዱን ነው የምፈልገው» ለማለት ይችላል፤ ባለሱቁም ስንት ሜትር ገመድ እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል።