በሃይድሮጂን ቦታ የገባው ክሎሪን

ክሎሪን ከካርቦን ውህዶች ጋር ስላለው ግንኙነት የሚተርኩ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከፓሪሱ የቱሊሪ ቤተ መንግሥት ነው። በአንድ የግብዣ ምሽት ሻማዎቹ ጉሮሮ የሚከረክር ጢስ ለቀቁ፤ ነገሩን የመረመረው ኬሚስቱ ዣን-ባቲስት ዱማም ሰሙ በክሎሪን የነጣ መሆኑንና ክሎሪኑ ከሰሙ ጋር ተዋህዶ መቅረቱን ደረሰበት ይባላል። ትረካው ያምራል፤ ዋናውን ነገር ግን ይጋርዳል። ክሎሪን ሰም ሲያነጣ ሃይድሮጂንን አስወጥቶ በምትኩ እንደሚገባ ኬሚስቱ ጌ-ሉሳክ ቀድሞ አስተውሎ ነበር። ዱማ በ1834 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመተካት ሕግም ቢሆን ስንት ወጥቶ ስንት እንደሚገባ የሚቆጥር ነበር እንጂ፣ ከተተካ በኋላ ውህዱ ምን ሆነ ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። መልሱን የሰጠው ረዳቱ የነበረው ኦገስት ሎራን ነው፤ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ታሪክም ለእሱ ያለበትን ዕዳ ገና በወጉ አልከፈለም።

የመልሱ ድፍረት የሚታየው ከበርዜሊየስ ትምህርት አጠገብ ሲቀመጥ ነው። እንደ ስዊድናዊው ሊቅ አስተምህሮ ማንኛውም ውህድ በኤሌክትሪክ ተቃራኒ ከሆኑ ሁለት ወገኖች የተጣመረ ነው፤ ሃይድሮጂን ፖዘቲቭ፣ ክሎሪን ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ የውህዱ ጠባይ ሊጸና አይችልም። ሎራን ግን ልብስ ከብል ለመጠበቅ የምንጠቀምበትን ናፍታሊን ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ አውጥቶ በክሎሪንና በብሮሚን ደጋግሞ ፈተነው። ሃይድሮጂኑ በየደረጃው ሲተካ የሚገኙት ውህዶች የአንድ ቤተሰብ መልክ ነበራቸው። ከዚህም የውህድን ጠባይ በዋናነት የሚወስነው የአቶሞቹ አሰፋፈር ነው ብሎ ደመደመ።

ለሎራን መሟገት ዱማን መበደል ነው የሚል ይኖራል፤ አሴቲክ አሲድን፣ ማለትም የኮምጣጤን አሲድ፣ በፀሐይ ብርሃን ከክሎሪን ጋር አገናኝቶ ትሪክሎሮአሴቲክ አሲድን የሠራው ዱማ ነውና። ማስረጃው በእርግጥ ድንቅ ነበር፦ ሁለቱ አሲዶች ከአልካሊ ጋር ሲሞቁ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሰነጠቃሉ፤ የመጀመሪያው ሚቴን ሲሰጥ ሁለተኛው ክሎሮፎርም ይሰጣል። ይሁን እንጂ በ1838 በርዜሊየስ በተነሣበት ጊዜ፣ ሎራን አጋኖ ለተናገረው እኔ አልጠየቅም ያለው ይኸው ዱማ ነበር። በዓመቱ ወደዚያው ሐሳብ ሲመጣ ዝናውን ይዞ ስለመጣ፣ ሐሳቡ የእሱ ሆኖ ተቆጠረ። ሎራን በ1851 ለኮሌዥ ደ ፍራንስ መንበር ተወዳድሮ ብሮሚንን ባገኘው በባላር ተሸነፈ፤ በ1853 በ45 ዓመቱ ሞተ፤ ዋናው መጽሐፉም የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

ክርክሩን የቋጨው ወደፊትም ወደኋላም የሚያስኬድ ሥራ ነው። በ1842 ኬሚስቱ ሜልሰንስ ከትሪክሎሮአሴቲክ አሲድ ክሎሪኑን አስወጥቶ ሃይድሮጂን በመመለስ አሴቲክ አሲድን መልሶ አገኘ። ሌላው ኬሚስት ኮልበ ደግሞ በ1845 ከካርቦንና ከድኝ ውህድ ተነሥቶ፣ በክሎሪን እያሻገረ፣ እዚያው አሴቲክ አሲድ ላይ ደረሰ። የሚገባውና የሚወጣው አቶም ቦታውን የሚጠብቅ ባይሆን ኖሮ ይህ የደርሶ መልስ ጉዞ እንዴት ይገለጻል? ኬሚስቱ ክሎሪንን ወይም ብሮሚንን አስገብቶ፣ በዚያው ቦታ የሚፈልገውን ሌላ ክፍል የሚተካበት የዛሬው ሲንተሲስም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የበርዜሊየስ ተቃውሞ ግን ከንቱ ግትርነት አልነበረም። ትሪክሎሮአሴቲክ አሲድ ከኮምጣጤው አሲድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይበረታል፤ ምክንያቱም ክሎሪን ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ይስባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይህ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ተመልሶ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማዕከል ሆኗል። የተመለሰው ግን የአቶሞቹ ቦታ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ክሎሪኑ በየትኛው ካርቦን ላይ እንዳለ ሳይታወቅ ስበቱ የትኛውን ትስስር እንደሚያላላ መናገር አይቻልምና።