የደብልዩ ቦዞን መጠነ ቁስ ልኬት

ደብልዩ ቦዞን ደካማውን የኑክሌር ኃይል ከሚያስተላልፉት ቅንጣቶች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን ተገኘ። መጠነ ቁሱ በቀጥታ አይለካም፤ ከፍርስራሹ ተሰልቶ ይደረስበታል። ቅንጣቱ በተፈጠረበት ቅጽበት ይፈርሳል፤ ለልኬት የሚመረጡት ኤሌክትሮን ወይም ሙዮን ከኒውትሪኖ ጋር የሚወጣባቸው ክስተቶች ናቸው። ኒውትሪኖው ሳይያዝ ስለሚያመልጥ፣ ተመራማሪዎች ከግጭቱ መስመር ወደ ጎን ያለውን ሞመንተም መዝግበው፣ የክስተቶቹን ስርጭት በተለያየ መጠነ ቁስ ግምት ከተሠሩ የኮምፒውተር ሲሙሌሽኖች ጋር ያነጻጽራሉ። ስለዚህ የውጤቱ አስተማማኝነት በክስተቶች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያው በታወቁ ቅንጣቶች በተስተካከለበት ጥንቃቄና በሲሙሌሽኑ ትክክለኛነት ጭምር ይወሰናል።

አስተማማኝነት በክስተቶች ብዛት ብቻ እንደማይወሰን ማሳያው የሲዲኤፍ ቡድን ውጤት ነው። ቡድኑ በአሜሪካው ፌርሚላብ፣ በቴቫትሮን ማጋጫ የተሰበሰቡ 4 ሚሊዮን ያህል ክስተቶችን መርምሮ፣ በ2022 80,433.5 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት የሚል ውጤት በ9.4 የስህተት ኅዳግ አወጣ። የስታንዳርድ ሞዴል (የቅንጣት ፊዚክስ መሠረታዊ ንድፈ ሐሳብ) ትንበያ ግን 80,357 አካባቢ ስለሆነ፣ አዲስ ፊዚክስ ተገኘ የሚሉ ክርክሮች ተነሡ። ሆኖም በሰርን የሲኤምኤስ ቡድን በ2024 በ9.9 ኅዳግ 80,360.2 አገኘ፤ በዚያው በሰርን የሚሠራው የአትላስ ቡድን ልኬትም ለትንበያው ቅርብ ነው። እውነት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ልክ ነው። ነገር ግን አትላስና ሲኤምኤስ በተለያዩ መሣሪያዎችና የትንተና መንገዶች ስለሠሩ፣ መስማማታቸው ከቁጥር ብልጫ ያለፈ ዋጋ አለው። የልዩነቱ ምንጭ እስኪታወቅ ድረስ ግን የሲዲኤፍን ውጤት ስህተት ብሎ መጣልም ሆነ የአዲስ ፊዚክስ ማረጋገጫ ማድረግ መቸኮል ነው።