አሜሪካ ያላችሁ፦ ለዕዳ ደመወዛችሁ ሲቆረጥ ሕጉ ስንቱን ያተርፍላችኋል?

በኢንቦክስ ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን አንዱ ይሄ ነው፦ "ክሬዲት ካርድ መክፈል አቃተኝ፤ ደመወዜን ሊወስዱብኝ ይችላሉ?" ይችላሉ። ግን ዝም ብለው ተነስተው አይደለም፣ ሁሉንም አይደለም።

የክሬዲት ካርድ ወይም የሆስፒታል ዕዳ ከሆነ ጠያቂው መጀመሪያ ከሶ ማሸነፍ አለበት። የኮሌክሽን ሰው ደውሎ "ነገ ቼክህን እንቆርጣለን" ካለና ፍርድ በእጁ ከሌለ ማስፈራሪያ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው የፍርድ ቤት ወረቀት መጥቶ መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ነው። መልስ ካልሰጣችሁ ከሳሹ ያለ ክርክር ሊረታ ይችላል፤ ዕዳው የእናንተ ባይሆንም እንኳ! የመልስ መስጫው ጊዜ እዛው ወረቀቱ ላይ አለ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በብዙ ፍርድ ቤቶች በነጻ ነው።

ከተፈረደባችሁስ? በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ ጣሪያ አለው። ታክስ፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ከተቀነሰ በኋላ በሳምንት እጃችሁ ከሚገባው ላይ ወይ 25 በመቶው፣ ወይ ከ217.50 ዶላር በላይ ያለው፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚቆረጠው። 217.50 የመጣው የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7.25 በ30 ተባዝቶ ነው። በሳምንት 680 ለሚቀረው እስከ 170 ዶላር ይቆረጣል። 240 ለሚቀረው ግን 22.50 ብቻ። 200 ከሆነ ምንም አይነካም። (በፈቃዳችሁ የምትቆጥቡት 401ኬ ከሂሳቡ አይቀነስም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።)

ስቴቶች ከዚህ በላይ ሊከላከሉላችሁ ይችላሉ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጠንከር ያለ ጥበቃ አላቸው፤ ቴክሳስ ደግሞ ለክሬዲት ካርድ ዕዳ ደመወዝ ጨርሶ አያስነካም። ግን ዳላስና ሂዩስተን ያላችሁ አትዘናጉ፦ ደመወዙ ባንክ ከገባ በኋላ አካውንቱን ማሳገድ ይቻላል።

የልጅ ማሳደጊያ ሌላ ነው፤ እስከ 65 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ያልተከፈለ የፌዴራል የተማሪ ብድርም ያለ ፍርድ ቤት እስከ 15 በመቶ ያስቆርጣል።

"አለቃዬ ቢሰማ ያባርረኛል" ብላችሁ ለምትሰጉ፦ በአንድ ዕዳ ምክንያት ደመወዝ ስለተቆረጠ ብቻ ማባረር በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ሁለተኛ ዕዳ ከተጨመረ ግን ይህ ጥበቃ የለም። ስለዚህ ሁለተኛው ክስ ሲመጣ አካባቢያችሁ ያለ ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ ጋ ፈጥናችሁ ደውሉ።