ትምህርት ቤት ለወላጅ ምን ሲናገር ኖረ

መንግሥት ለኢትዮጵያዊ ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት መጀመሪያ ያሰማው ቃል ማስፈራሪያ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዋዜማ ባስነገሩት ዐዋጅ ወንድም ሆነ ሴት ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት እንዲገባ አዘዙ፤ ልጁን ሳያስተምር የሞተ ወላጅ ደግሞ ሀብቱ ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት ገቢ እንደሚሆን አስጠነቀቁ። ዐዋጁ ሊፈጸም የሚችል አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት የያዘው ጥቂት ልጆችን፣ በተለይም የመኳንንቱን ልጆች ነበር። ቤተ ክህነት ፈረንጅ መምህር ልጆቹን ከሃይማኖታቸው ያስወጣል ብላ ስለሰጋች መምህራኑ ከግብጽ ኮፕቶች መካከል ተመረጡ፤ ኃላፊነቱም ለሐና ሳሊብ ተሰጠ። ይህ ምርጫ ለወላጅም ማረጋገጫ ነበር፦ ልጅህን የምትሰጠው ለሃይማኖት ወንድሞችህ ነው የሚል።

ወላጁ ግን እስከዚያ ድረስ ልጁ ምን እንደተማረ የሚያውቅበት መንገድ አጥቶ አያውቅም ነበር።

በቄስ ትምህርት ቤት ካርድ የለም፣ የወላጅ ስብሰባ የለም፣ ማኅተምና ፊርማ የለም። የኔታ ከአጥቢያው ሰው ጋር በቅዳሴ፣ በማኅበር፣ በለቅሶና በሰርግ ይገናኛሉ። «የእኔ ልጅ እንዴት ነው?» ለሚል አባት መልሱ አጭር ነው፦ «አቡጊዳ ገብቷል።» ይህ ቃል ለማያነብ ሰው እንኳ በቂ ነበር። ምክንያቱም የትምህርቱ ደረጃዎች ስም ነበራቸው፤ ስማቸውንም አገር ሁሉ ያውቀዋል።

ልጁ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል። በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሳልስ» እያለ ከጓደኞቹ ጋር ይጮኻል። ወደ ጎን ይቆጥራል፣ ወደ ታች ይቆጥራል፣ ከኋላ ወደ ፊት ይመለሳል። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፤ እዚህ ላይ የፊደሎቹ ተራ ስለሚዘበራረቅ በዜማ ብቻ ሸምድዶ የመጣ ልጅ ይጋለጣል። የፈጠረው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ልጅ ፊደሉን በዓይኑ ለይቶት ወይስ በጆሮው ይዞት እንደሆነ ለመመርመር ከዚህ የረቀቀ ፈተና ማውጣት ያስቸግራል። ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወደ ወንጌል፣ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይዘለቃል። እናት አንዲት ፊደል ባትለይም ዳዊት ከመልእክት እንደሚበልጥ ታውቃለች። ልጁ ዳዊቱን ይዞ ደጃፍ ላይ ሲያነበንብም ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ዳዊቱን ሲጨርስ ቤተ ሰቡ ድግስ ይደግሳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ የኔታም ተጠርተው ይመሰገናሉ፣ ስጦታ ይሰጣቸዋል። በወሎና በሐረር ቁርኣን ቤቶችም ሉሕ ላይ እየጻፈና እያጠበ የሚማር ልጅ ቁርኣኑን ሲያኸትም ወላጆቹ በተመሳሳይ ደስታ ያከብሩት ነበር።

ይህን ዘመን አለልክ ማሞገስ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበሩ፤ ዱላው የታወቀ ነው፤ ልጁ የሚያነበውን ግእዝ አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙን አያውቀውም። ነገር ግን ከየኔታ የሚመጣው ወሬ ልጁ ምን ማድረግ እንደሚችል ይናገር ነበር። እዚያ ቤት «ከስንት ልጆች ስንተኛ ነው?» የሚል ጥያቄ ቦታ አልነበረውም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ወላጅ ጆሮውን አጣ። በምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ኋላም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትና በ1923 ዓ.ም. ለሴቶች በተከፈተው በእቴጌ መነን ልጆቹ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ይማሩ ጀመር። አባት በደጃፉ ተቀምጦ ቢሰማ የሚለየው ነገር የለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ደግሞ ማስተማሪያው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ሆነ፤ በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች አማርኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው በ1956 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ወላጁ በዚህ ሁሉ መካከል ከፋይም ሆነ። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጣለ፣ ገንዘቡን የሚከታተሉ የአካባቢ የትምህርት ቦርዶችም ተቋቋሙ። ገበሬው ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል፣ ልጁ እዚያ ምን እንደሚል ግን አይሰማም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ካርድ የገባው።

ካርድ ምንድን ነው? በአንድ በኩል የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፤ በሌላው በኩል የትምህርት ዓይነቶች ከላይ ወደ ታች፣ አንደኛና ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ጎን ለጎን። ከታች ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ጠባይ፣ የቀረበት ቀን። ከሁሉም በታች «ተዛውሯል» ወይም «አልተዛወረም»። ከ50 በታች ያለ ውጤት በቀይ ይጻፋል፤ ስለዚህ ማንበብ የማይችል አባት እንኳ ካርዱን ገልጦ ቀዩን ይቆጥራል። መንፈቁ ሲያልቅ «አስፈርመህ መልስ» ይባላል። ማንበብ የሚችል አባት ይፈርማል፣ የማይችል በአውራ ጣቱ ያትማል፣ አንዳንዴም ታላቅ ወንድም የአባትን ፊርማ ይለማመዳል። 3ን ወደ 8 መለወጥ የቻለ ብዕርም ብዙ ቤት ሰላም አሳድሯል።

ካርዱ ከመጻፉ በፊት ሮስተሩ አለ። ሰኔ ሲገባ ስም ጠሪው መምህር ሰፊ ወረቀት ዘርግቶ በማስመሪያ ያሰምራል። የክፍሉ ልጆች ስም በተራ ይወርዳል፤ ከየትምህርቱ መምህር የተሰበሰበው ማርክ ሊስት በየዓምዱ ይገለበጣል። አንዱ መምህር ያነብባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው በካልኩሌተር ይደምራል። ከዚያ ትልቁ ሥራ ይመጣል፦ ደረጃ ማውጣት። ሁለት ልጆች እኩል አማካይ ካላቸው ሁለቱም 4ኛ ይባላሉ፣ ቀጣዩ 6ኛ ይሆናል። አንድ ድምር ከተሳሳተ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይፋለሳልና ሮስተር የሚሠራበት ሳምንት መምህራን የሚነጫነጩበት ሳምንት ነው። ልብ ብሎ ላየው፣ ከሥራው ሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚወስደው ልጆቹን እርስ በርስ ማሰለፉ ነው። ልጁ ማካፈል መቻል አለመቻሉን የሚጽፍበት ዓምድ ሮስተሩ ላይ የለም።

«ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ተወለደ። አጎት ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ባለ ሱቁ ይጠይቃል። ሰኔ 30 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት በወላጆች ቀን ሰልፍ ፊት ይሸለማሉ፤ በንጉሡ ዘመን ለረጅም ዓመታት የትምህርት ሚኒስትርነቱን ራሳቸው ይዘው የቆዩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ሽልማት በእጃቸው ይሰጡ ነበር። የዕለቱ ሌላኛው መልክ ዓመት ሙሉ የተቋጠረ ጠብ ከግቢ ውጭ የሚፈታበት መሆኑ ነው፣ ለወላጅ የማይነገር። ወላጅና መምህር ፊት ለፊት የሚገናኙበት ዋናው አጋጣሚ ደግሞ «ወላጅ ይዘህ ና» ሆኖ ቀረ። ያ ጥሪ ለበጎ ነገር መጥቶ አያውቅምና፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው «አጎቴ ሁንልኝ» ብሎ ለምኖ ዳይሬክተሩ ፊት ያቀረበ ልጅ በየትምህርት ቤቱ ይወራለታል።

ለወላጅ አለመንገር ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ግን ያሳየው ሴክተር ሪቪው የተባለው ጥናት ነው። መንግሥት ከ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በኢትዮጵያውያንና በውጭ ባለሙያዎች የትምህርቱን ዘርፍ አስጠና። ጥናቱ ለሁሉም ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ ግን ጥቂቶች ብቻ ይቀጥሉ የሚል ሐሳብ ያዘለ ነበር። አጥኚዎቹ ምክንያት ነበራቸው፦ አብዛኛው የገጠር ልጅ ክፍል ገብቶ አያውቅም፣ ገንዘቡ ደግሞ ውስን ነው። ነገር ግን ሰነዱ ተጠናቅቆ ከአንድ ዓመት በላይ ከሕዝብ ተሸሸገ። ወሬው ቀድሞ ወጣ። «የድኃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም» የሚለው ቃል ከከተማ ከተማ ተዛመተ፤ ለትምህርት ግብር ሲከፍል የኖረ ወላጅ፣ ደመወዙ ያሳሰበው መምህርና ተማሪው አንድ ላይ ቆሙ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን የታክሲ ሾፌሮችም በቤንዚን ዋጋ የተነሣ መኪናቸውን አቆሙ። መንግሥት ሴክተር ሪቪውን ማገዱን ቢያስታውቅም በዐሥር ቀን ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። አብዮቱን ያመጣው ይህ ብቻ አይደለም፤ የወሎ ረኃብ ነበረ፣ የሠራዊቱ አመፅ ነበረ። ሆኖም ጥናቱ ገና ሲጀመር ለወላጅ በግልጽ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መምህርና ወላጅ በአንድ ወሬ አብረው አይቆጡም ነበር።

ደርግ ይህን ትምህርት በራሱ መንገድ ቀሰመ። ያወጣው ዐዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶችን በሕዝብ አስተዳደርና ቁጥጥር ሥር አደረገ፤ የወላጆች፣ የመምህራን፣ የተማሪዎችና የቀበሌ ተወካዮች ያሉበት የትምህርት ቤት ኮሚቴ ተቋቋመ። ወላጅ በወረቀት ላይ ባለቤት ሆነ። ስብሰባው ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ስለ አጥር፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወንበርና ስለ መዋጮ ነው። ለወላጁ የበለጠ ውለታ የዋለለት ሌላ ነገር ነው፦ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ብዙ እናቶች የልጃቸውን ስም ካርድ ላይ ለይተው ለማንበብ የበቁት በዚያ ዘመን ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርቱን ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋዎች ስላወረደ ወላጅ ጆሮውን መልሶ አገኘ። ልጁ በሲዳምኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ሲያነብ እናቱ ትሰማዋለች። ይኸው ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ተከታታይ ምዘናንና ሳይወድቁ መዛወርን አመጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፦ ሕፃን ልጅ በ7 ዓመቱ «ወደቀ» እንዳይባል፣ መምህሩም ዕለት ዕለት እየመዘነ ደካማውን እንዲደግፍ። ክፍሉ በልጆች በተጨናነቀበት ቦታ ግን ምዘናው ቀረ፣ መዛወሩ ቆየ። ካርዱ ለሁሉም «ተዛውሯል» ማለት ጀመረ።

ውጤቱ የታየው በ2002 ዓ.ም. ነው። በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ከአንደኛ ክፍል «ተዛውረዋል» ተብለው የመጡ ናቸው። አቡጊዳ ገና ያልገባ ልጅ መልእክተ ዮሐንስ ጀምሯል ብሎ ለአባቱ የሚነግር የኔታ ቢኖር አገር ይታዘበው ነበር።

በውጭ አገር ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ ሰቦች ልጆቻቸው ዕብራይስጡን ቀድመው ስላወቁ መምህር ስለ ልጁ የሚናገረውን ለወላጅ የሚተረጉመው ልጁ ራሱ ሆነ፤ ተከሳሹ አስተርጓሚ ሆነ ማለት ነው። ኋላ ላይ ቋንቋውንም ባህሉንም የሚያውቁ አገናኞች በየትምህርት ቤቱ ተቀጠሩ። የዋሽንግተን ከተማ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን፣ ትምህርት ቤቶችንም ጭምር፣ ባለ ጉዳዩን በቋንቋው እንዲያስተናግዱ ስለሚያስገድድ የትምህርት ቤት ደብዳቤ በአማርኛ ተተርጉሞ ቤት ይደርሳል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሬዲዮ ትምህርት ተሠራጨ፤ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ በቴሌግራም የቤት ሥራ መላክ ጀመሩ። ቴሌግራሙ ትምህርት ቤት ከተከፈተም በኋላ ቀጠለ። የቤት ሥራው፣ የክፍያው ማሳሰቢያ፣ የበዓሉ ፎቶ አንድ ላይ ይመጣል። ወላጅ ከመቼውም ይልቅ ብዙ መልእክት ይደርሰዋል፤ ልጁ ማንበብ መቻሉን የሚናገረው ግን ከመካከላቸው እምብዛም ነው። ስልክና ገንዘብ ለሌለው ወላጅ ደግሞ ይህም የለም።

ስለዚህ ለርእሳነ መምህራን አንድ ጥያቄ ይቅረብ። በመጪው ሰኔ ሮስተሩ ሲሰመር ከደረጃው ዓምድ አጠገብ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ስም ጠሪው መምህርም በቤተ ሰቡ ቋንቋ አንድ መስመር ይጻፍበት፦ ይህ ልጅ አጭር ምንባብ ሳይደናቀፍ ያነብባል፣ ወይም ገና አያነብብም፤ በሁለት አኃዝ ይደምራል፣ ሲቀንስ መበደር ግን ያስቸግረዋል። ለወላጅም፦ ካርዱን ሲቀበሉ ያንን መስመር ይጠይቁ። ከሌለ የልጁን መጽሐፍ ይክፈቱና አንድ ገጽ ያስነብቡት፤ እርስዎ ማንበብ ባይችሉ እንኳ ልጁ መቼ እንደሚያነብና መቼ እንደሚሸመድድ ጆሮዎ ይለየዋል።